ከሜዳው የሚታየው ደን



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ሜዳውን ይዞ ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር ይወጣል። በዚህኛው መንገድ ዳገቱን ከጀመረ በኋላ ዞር ብሎ ያየ ሰው የፎገራን ሜዳ ወደ ጣና ተዘርግቶ ያገኘዋል። በነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ውሃ ይለብሳል። ክረምቱ ሲወጣ ሩዙ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ሩዙ ታጭዶ ሲነሳ ደግሞ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅላል። ከዚህ ሁሉ መካከል፣ በየጉብታውና በየኮረብታው፣ ጠቆር ብለው የሚታዩ ክብ ክብ ነገሮች አሉ። የአካባቢው ሕፃን እንኳ ምን እንደሆኑ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። ከሩቅ ዓይን የሚገባው ግን ጣሪያውም መስቀሉም አይደለም፤ ደኑ ነው።

ሳይንስና ሃይማኖት ይታረቃሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በአዳራሽ ውስጥ፣ በከባድ ቃላት ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ ግን ጥያቄው በእግር ተሂዶ የሚታይ መልክ አለው። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች አንዱ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው «እመጓ» እና «ዝጎራ» በተባሉት መጻሕፍታቸው ነው፤ ገዳማትንና የጥንት ዕውቀትን በልብ ወለድ ያቀረቡባቸው እነዚያ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረዋል። ከደራሲነታቸው በፊት ግን የዛፍ ሰው ነበሩ። የምርምር ሕይወታቸውም የተገነባው እዚሁ፣ ከሜዳው በሚታዩት ደኖች ውስጥ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ያቀረቡት ጥናት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደንን በመጠበቅ ረገድ ያላትን ዕድልና የሚገጥማትን ችግር የሚመረምር ነበር፤ የጥናቱ ቦታ ደቡብ ጎንደር። በ2007 ደግሞ በኔዘርላንድስ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሲያገኙ ጽሑፋቸው አሁንም ስለ እነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነበር። ሁለት ጊዜ አውሮፓ ተምረው ሁለቱንም ጊዜ ይዘው የተነሡት የአገር ቤት ጥያቄ ነው፦ በዙሪያው ያለው ሁሉ ታርሶ ሳለ ይህ ደን እንዴት ቀረ? እስከ መቼስ ይቆያል?

በደቡብ ጎንደር በ28 ቤተ ክርስቲያኖች ደን ውስጥ ገብተው ዛፉንና ቁጥቋጦውን በዓይነቱ ቆጠሩ። ከጣና ዙሪያ ዝቅተኛ ቦታ ጀምሮ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር እስከሚያልፈው ደጋ ድረስ ወጡ። የተገኘው 168 ዓይነት ዕፅ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፣ ሎል፣ ሾላ፤ የስሙ ዝርዝር ብቻውን የአገር ታሪክ ነው። ከደኑ አጥር ውጭ አንድ እርምጃ ሲወጣ እርሻና የግጦሽ መሬት ነው፤ ቢበዛ ባሕር ዛፍ። ሲጥል የኖረው ምሳር በደኑ ዳር ቆሟል። ያቆመው የመንግሥት ደን ጠባቂ አልነበረም።

ያቆመው ነገር ስም አለው፤ ዐጸድ ይባላል። ካህናቱ ዘንድ ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን እርቃኑን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል። ታቦቱ በመጋረጃ፣ መቅደሱ በቅድስት፣ ቅድስቱ በቅኔ ማኅሌት እንደሚከበብ ሁሉ ሕንጻው ራሱ በደን ይከበባል፤ ደኑ የመጨረሻው መጋረጃ ነው። የኤድን ገነት ምሳሌ ነውም ይላሉ። በዛፉ ጥላ ሥር አብነት ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል፣ መናኝ ሱባዔ ይይዛል፣ ሽማግሌ ዕርቅ ያወርዳል፣ የሞተ ይቀበራል። ከጣና ማዶ በዘጌ ደግሞ ትውፊቱ ቡናውን ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር ያያይዘዋል፤ ምድሩን በበሬ ማረስ ነውር ሆኖ በመኖሩም ባሕረ ገብ መሬቱ እስከ ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሳይንቲስቱ ይህን ሁሉ «እምነት ነው» ብለው ወደ ጎን አላሉትም። ደኑን ያቆየው ምክንያት ይህ ከሆነ የጥናቱ አካል መሆን አለበት ብለው ያዙት። የሥራቸው ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን አክብሮት ብቻውን ጥናት አይሆንም። ዶክተር ዓለማየሁና የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ሌላ ጥያቄም አነሡ፤ አፈሩ ውስጥ ምን ተቀምጧል? ከደኖቹ ወለል አፈር በየንብርብሩ ተወሰደ። በመትከያ ቤት በሣህን ላይ ተነጥፎ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ምን እንደሚበቅልበት ቀን በቀን ታየ። አብዛኛው የበቀለው ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። ከላይ ግርማ ሞገስ ይዘው የቆሙት ትልልቆቹ ዛፎች አብዛኞቹ አፈሩ ውስጥ ዘር አላስቀመጡም፤ ዘራቸው ወድቆ ቶሎ ካልበቀለ ወይ ይበሰብሳል ወይ አይጥ ይበላዋል። የዚህ ትርጉም ለገበሬ ግልጽ ነው። ጎተራው ባዶ ነው። እናት ዛፏ ከወደቀች ከአፈሩ የምትነሳ ልጅ የለችም።

ታዲያ ከዘሩ በቅሎ ቡቃያ የሆነውስ? ገላውዴዎስን በመሳሰሉ የደቡብ ጎንደር ደኖች ውስጥ ቁራጭ መሬት ታጠረ፤ ከጎኑ ተመሳሳይ ቁራጭ መሬት ሳይታጠር ቀረ። ጥቁር እንጨት፣ ወይራ፣ ጽድና ሎል በሁለቱም ቦታ ተዘሩ፣ ችግኛቸውም ተተከለ። ላም የማትደርስበት ቡቃያ ተረፈ፣ አደገም። ባልታጠረው ውስጥ የበቀለው ተረገጠ፣ ተነጨ። ምሳር የማይገባበት ደን በከብት ሰኮና ከሥር እየተበላ ነበር ማለት ነው። ከውጭ ለሚያየው ደኑ ያው ደን ነው፤ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጥላውም አለ። የጎደለው ልጅ ነው። ልጅ የሌለው ቤት ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ ሙሉ ይመስላል።

የፎገራ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ወደ ሁለት ቦታ መከፈሉ አይቀርም። የፎገራ ከብት በዝርያው የታወቀ፣ የወተትና የእርሻ ኩራት ነው፤ ክረምት ሜዳው በውሃ ሲዋጥ ከብቱ ደረቅ መሬት ይፈልጋል፣ ደረቁ ጉብታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰውን የጎርፍ አደጋ የሚያስታውስ ሰው ከብቱን ወደ ጉብታው የነዳውን ጎረቤቱን አይወቅስም። ችግሩ ከክፋት አልመጣም፤ መፍትሔውም ከቁጣ ሊመጣ አይችልም።

መፍትሔው የመጣበት መንገድ ሊነገር ይገባዋል። ዶክተር ዓለማየሁ በዛፍ አናት ላይ ስላለው ሕይወት ባጠናችው ምርምር ከምትታወቀው አሜሪካዊት ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር አብረው መሥራት ጀመሩ። ባሕር ዳር ላይ ካህናቱ ተሰብስበው ከሳተላይት የተነሣ የየደብራቸውን ደን ፎቶግራፍ ተመለከቱ። ካህን ደኑን የሚያውቀው ከውስጥ ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ደን ሁልጊዜ ትልቅ ነው። ከሰማይ ሲታይ ግን በቡናማ እርሻ መካከል የተጣለች አረንጓዴ ነጥብ ሆነ፤ ዳርና ዳሩም ተሸርሽሯል። አባቶች ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ማንም ብዙ ማሳመን አላስፈለገውም። የድንጋይ ካብ አጥር እንሥራ የሚለው ሐሳብ በካህናቱ ተወሰነ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ተለቀመ፤ ማሳው ለማረሻ ጸዳ፣ ደኑ አጥር አገኘ። በአንዳንድ ቦታም ካቡ ከደኑ ዳር ትንሽ ራቅ ተደርጎ ተሠራ፤ ደኑ ሲሰፋ የሚረግጠው መሬት እንዲኖረው።

ሳይንቲስቶቹ ካህናቱን ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በማስተማር አልጀመሩም። ካህናቱም ሳይንቲስቶቹን አውግዘው አላባረሯቸውም። አንደኛው ወገን ቁጥርና ፎቶግራፍ አመጣ፤ ሌላው ምክንያትና ሥልጣን። ካቡን የሠራው ሕዝብ የሰማው «የሥነ ምህዳር ጥናት እንዲህ ይላል» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ የታቦቱ መጎናጸፊያ ተቀደደ የሚለውንም ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ድንጋዩ ከማሳው አይነሳም ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ካህኑ ቁጥርን እንዴት እንዲህ በቀላሉ ተቀበለ? ብዙ የከተማ ሰው ካህንን ከዜማና ከጸሎት ጋር እንጂ ከስሌት ጋር አያገናኘውም። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያስተምር መምህር ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የፀሐይና የጨረቃ ነው።

የ2018 ዓ.ም.ን ስሌት ለምሳሌ እንከተል። መምህሩ 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2018 ዓመተ ምሕረት ደምሮ ዓመተ ዓለሙን 7518 ይላል። ለ4 ሲያካፍለው 1879 ይደርስና 2 ይተርፋል፤ 2 ሲተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 1879ኙን መጠነ ራብዒት ብሎ ከ7518 ጋር ይደምረዋል፤ 9397። ይህን በ7 ሲገድፍ፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ሲይዝ፣ 3 ይተርፋል። ማክሰኞን 1 ብሎ ሲጀምር ሦስተኛው ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ ማለት ነው። ቀጥሎ 7518ን በ19 ይገድፋል፤ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ትቶ 12ን ወንበር ይለዋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መምጣት አለባቸው፤ 12ና 18 ሠላሳ ናቸው፣ ስሌቱ አልተፋለሰም። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው። ለእሑድ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ ተውሳኩ፣ 7 ነው፤ 18ና 7፣ 25። የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት መነሻ የሆነው መባጃ ሐመር ተገኘ። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ በዚያ ላይ 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ በመባጃው ላይ 9 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 4። ወረቀት አልተጻፈም፣ ማሽን አልተነካም። መምህሩ የተጠቀመው ጣቶቹንና ከመምህሩ የወረሰውን ቃል ነው።

እነዚያ 11ና 19 የተባሉት ቁጥሮች ከሰማይ የተወሰዱ ናቸው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11። በ19 የፀሐይ ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ ከዚያ ሁለቱ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። የባቢሎንና የግሪክ የከዋክብት ተመልካቾች ያወቁትን ይህን ዙር የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ለትንሣኤ በዓል ተጠቀመችበት። ትውፊታችን ስሌቱን ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል፤ ድሜጥሮስ ደግሞ ከመሾሙ በፊት የወይን ገበሬ ነበር ይላል። ለፎገራ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ታላቁ የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ኦቶ ኖይገባወር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የከዋክብትና የዘመን ስሌት ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው፣ ከጥንቷ እስክንድርያ የወጣው ዕውቀት በግእዝ ብራናዎች ውስጥ እንዴት እንደተጠበቀ በማየቱ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው ይኸንኑ ዕውቀት ከታሪክ ጋር አዋሕደው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። ጌታቸው በካይሮ ነገረ መለኮት፣ በጀርመን ቱቢንገን የሴም ቋንቋዎችን የተማሩ፣ በጥይት ተመትተው እግራቸው ከሰለለ በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የዘመናዊ ምርምር ሥርዓት በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ መኖር እንደሚችሉ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ፎገራ የራሷ ሊቅም አላት። አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በዚሁ ሜዳ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ስማቸው ሲጠራ ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል፤ ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን ሸፍኖታል። ይህ በእርግጥ ሊቆጨን ይገባል። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ተብሎ በደብረ ታቦር ኢየሱስ የሚመሰከርበትን የዝማሜ ስልት የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ስሙ የተገኘው ስልቱን ከወረሰው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አለቃ በጣና ላይ ሆነው የማዕበሉን መሄድና መመለስ፣ በነፋስ የሚታጠፈውንና የሚነሳውን ቄጠማ ልብ ብለው አዩ፤ ያዩትንም ወደ መቋሚያው እንቅስቃሴ አመጡት። ትውፊት ነው፤ ነገር ግን ተክሌን ሲዘመም ቆሞ ያየ ሰው ውሃውን ማየቱ አይቀርም። መቋሚያው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ከኋላ ያለው መዘምር የፊተኛውን እየተከተለ እንቅስቃሴው ከረድፍ ወደ ረድፍ ያልፋል። ፍጥረትን በትዕግሥት ማየት የሳይንስ መጀመሪያ ነው። አለቃ ያዩት ማዕበል ማኅሌት ሆነ፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው ዘንድ ስሌት ሊሆን ይችል ነበር።

ለምሳሌ ግሬጎር ሜንዴል ዘንድ ስሌት ሆኗል። ሜንዴል በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ብርኖ ከተማ የነበረ መነኩሴ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1856 ጀምሮ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እያዳቀለ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ የዘር ውርስን ሕግ አገኘ። በ1865 ውጤቱን ለከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር በንግግር አቀረበ፤ በማግሥቱ ዓመት ታተመ። ከዚያ የገዳሙ አበምኔት ሆኖ በ1884 ዐረፈ። ሥራው ዋጋ ያገኘው በ1900 ነው።

ወረታ ላይ ስለ ሜንዴል ማውራት ሩቅ አገር መሄድ አይደለም። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር እስከ ዛሬ የመንደሩን ስም ይዟል። አሁን ከተማዋ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። እዚያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሩዝ አዳቅሎ ከልጅ ልጁ መካከል የሚሻለውን የሚመርጥ ባለሙያ የሚሠራው መነኩሴው በአተር ባሳየው ሕግ ነው። የገዳም አትክልት ቦታና የፎገራ ማሳ በዚህ መስመር ተገናኝተዋል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ከባዱን ጥያቄ መሸሽ አይገባም። ባሕረ ሐሳቡ የ2018ን ዓመተ ዓለም 7518 ይላል፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ደግሞ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው ይላል። ወጣቱ ተማሪ ሁለቱንም ሰምቶ ማንን ልመን ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መንገድ ያሳየው ሌላ ካህን ነው፤ ቤልጂጋዊው ጆርጅ ለሜትር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ዓለም እየሰፋ መሆኑን በሒሳብ ያሳየ፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ ጥንተ ቅንጣት ተነሣ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበ እሱ ነው። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ ደስ ሊለው የሚገባው ለሜትር ነበር። እሱ ግን አልወደደውም። ሳይንሳዊ ሐሳብ ነገ ሊታረም ይችላል፤ እምነትን በእሱ ላይ መሥራት ለሁለቱም አይበጅም ብሎ ያምን ስለነበር እንዲህ ያለውን ማያያዝ እንዲተዉት መከረ።

ምክሩ ለእኛም ነው። በዘመናችን «ዛሬ የተገኘው ሁሉ በእኛ መጻሕፍት ቀድሞ ተጽፏል» የሚል ንግግር ብዙ ጭብጨባ ያገኛል። መጽሐፈ ሄኖክ የፀሐይን መውጫ በሮች በቁጥር ይናገራል፤ ሙሉውን ጠብቃ ያቆየችውም የግእዝ ቋንቋ ናት። ይህ በራሱ ትልቅ ክብር ነው። ሄኖክን የሮኬት መምሪያ ማድረግ ግን ክብሩን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምርለትም። የባሕረ ሐሳቡ መምህር ሐቀኛ ነው፤ 7518 ብሎ የሚነሣው ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ለማወቅ ነው፣ ስሌቱም ያንን ሳይሳሳት ይነግረዋል። የድንጋይን ዕድሜ የጠየቀው ሰው የለም። እያንዳንዱ ዕውቀት የተጠየቀውን ሲመልስ ያምርበታል።

ይህ ልዩነት ባልታወቀበት ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜ በሕይወት። ኤች አይ ቪ በጸናበት ዘመን ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ከሄዱት ሕሙማን መካከል መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ሐኪም ለዓመታት ቢወተውት የማይሰማው ሰው ከአባቱ አንደበት ሲሰማ መድኃኒቱን ያነሣል። በደኑም የሆነው ይኸው ነው።

ወደ ደኑ እንመለስ። የዶክተር ዓለማየሁ ጥናት የነካው 28 ደኖችን ነው። ዞኑ ውስጥ ያሉት ቤተ ክርስቲያኖች ከዚያ እጅግ ይበዛሉ፤ የአብዛኞቹ ደን ውስጥ ስንት ቡቃያ እንዳለ የቆጠረ የለም። ወረታ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ የምርምር ማዕከል አለ፣ በየደብሩ የአብነት ተማሪ አለ። አንድ የኮሌጅ ተማሪና አንድ የአብነት ተማሪ ገመድና ደብተር ይዘው በአንድ ቀን አንድ ዐጸድ ውስጥ ትልቁን ዛፍና ቡቃያውን ለይተው መቁጠር ይችላሉ። የዛፉን ስም የአብነቱ ተማሪ ያውቀዋል፤ አቆጣጠሩን የኮሌጁ ተማሪ። ውጤቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለደብሩ አስተዳዳሪ ይሰጥ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በዐውደ ምሕረቱ ይነበብ። ካብ የሚያስፈልገው ደብር ድንጋዩን ከሰኔ በፊት፣ መሬቱ ሳይረጥብ፣ ይልቀም። ከሩቅ መጀመር አያስፈልግም፤ አለቃ ገብረ ሐና ከተወለዱበት ከናበጋ ጊዮርጊስ መጀመር ይቻላል።